«ባዕድ አካል» ስለተባለው የኩታበር ድንጋይ

ለተከበሩ የአደባባዮችና የመታሰቢያዎች ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ደሴ

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? የጦሳ ተራራ ብርድ ወገብዎን ሳይዝዎት፣ የስብሰባው ብዛት ጉሮሮዎን ሳያደርቅብዎት፣ አዲሱ የቢሮ ወንበርዎም ተመችቶዎት እንደሚገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። ለእርስዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎ፣ እንዲሁም ለጽሕፈት ቤትዎ ክብ ማኅተም ረጅም ዕድሜን እመኛለሁ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን በአካል ደኅና ነኝ፤ የቀረውን ከዚህ በታች እዘረዝራለሁ።

ባለፈው ሳምንት በጥበቃ ሠራተኛ እጅ የላኩልኝ ማስጠንቀቂያ ደርሶኛል። «በብሔራዊ የበረከት አደባባይ ላይ ማንነቱ ባልታወቀ ግለሰብ ያለ ፈቃድ የተተከለ ባዕድ አካል» መኖሩን ገልጸው፣ የአደባባዩ የታሪክ አማካሪ እንደመሆኔ ስለ ጉዳዩ የማውቀው ነገር ካለ በጽሑፍ እንዳሳውቅ ጠይቀዋል። አዎን፣ የማውቀው ነገር አለ። የተከልነው እኔና ነጂባ የምትባል የኮምቦልቻ ነዋሪ ነን፤ ከኩታበርና ከደሴ ዙሪያ የመጡ ሰዎችም አግዘውናል። ስለዚህ «ማንነቱ ያልታወቀ» የሚለውን በትሕትና እንዲያርሙልኝ እለምናለሁ። ስሜ ኃይለ ሚካኤል ደጉ ነው፤ ጡረታ የወጣሁ የታሪክ መምህር ነኝ። ስሜን ካጡት በእብነ በረድዎ ላይ በወርቃማ ፊደል ተጽፏል።

መልሴን በማኅደር ውስጥ ከማኖር ይልቅ ለሕዝብ በግልጽ የጻፍሁት እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ። በዚያ አደባባይ ላይ የጻፍሁት ሐሰት አላፊ አግዳሚው በሚያነብበት ቦታ ቆሟል፤ ማረሚያውም ሰው በሚያየው ቦታ ሊሆን ይገባዋል ብዬ ነው።

እርስዎ የስፍራውን ታሪክ ያውቁታል፤ ከእኔ አንድ ጊዜ ሰምተውታል። ሌላው አንባቢ ግን ላያውቅ ስለሚችል ባጭሩ ልናገር። ከደሴ ወደ ኩታበር በሚወጣው መንገድ ዳር ያለው፣ ዛሬ የበረከት አደባባይ የተባለው ስፍራ፣ ድሮ ስም ያልነበረው የከብት ማሰማሪያ ሜዳ ነበር። በሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት ዝናብ የከዳቸው ገበሬዎች ልጆቻቸውን አዝለው፣ የቻለው ሽማግሌውን ደግፎ፣ ወደ ከተማ ሲወርዱ በዚያ ሜዳ ላይ ሸራ ተወጠረላቸው። እኔ ያኔ አዲስ መምህር ነበርሁ። ተማሪዎቼን ይዤ ስወጣ ውሃ ልናመላልስ፣ ዱቄት ልናድል መስሎኝ ነበር። ጥቂት ቆይቶ ግን በእጃችን የያዝነው አካፋ ሆነ። የሞቱትን በሜዳው የምሥራቅ ጫፍ ቀበርናቸው። ማን ሙስሊም፣ ማን ክርስቲያን እንደሆነ የሚነግረን ዘመድ የተረፈለት ጥቂቱ ብቻ ነበር፤ የቀረውን ጎን ለጎን አስተኛነው።

መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ከዚያ ክፉ ቀን የተረፉት ሰዎች ተሰብስበው ከኩታበር አንድ ረጅም ጥቁር ድንጋይ ፈልፍለው አመጡና ከመቃብሩ ላይ አቆሙት። እኔም ነበርሁ። ምን ይቀረጽበት የሚል ክርክር ተነሣ። አንዱ መስቀል አለ፤ አንዱ ጨረቃ አለ። ዛሬ በሕይወት የሌሉት ሼህ ዘይኑልአቢዲን «ተዉት፣ ምንም አይጻፍበት፤ አላህ አንድ በአንድ ያውቃቸዋል» ሲሉ፣ አጠገባቸው የቆሙት ሟቹ አባ ወንድምአገኘሁ «እግዚአብሔርም አልረሳቸውም፤ ባዶውን ይቁም» አሉ። ድንጋዩ ባዶውን ቆመ። ሰዉም ሜዳውን «ድንጋዩ» እያለ መጥራት ጀመረ። «ከድንጋዩ አጠገብ አውርደኝ» ሲባል የማያውቅ ባለ ባጃጅ አልነበረም።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልመለስ፤ በተራ ቁጥር ማቅረቡን ከጽሕፈት ቤትዎ ተምሬአለሁ።

፩ኛ. ስላስታወሱኝ አመሰግናለሁ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ስልኬ የሚጠራው ሰው ቁጥር ሲሳሳት ነበር። እርስዎ ግን ራስዎ ደውለው «ጋሼ ኃይሌ፣ ያለ እርስዎ እኮ ይህ አደባባይ ታሪክ አይኖረውም» አሉኝ። ኮቴን አስተኩሼ ወደ አደባባዩ ኮሚቴ ስብሰባ መጣሁ። ከፊተኛው ረድፍ፣ ስሜ ከተጻፈበት ካርቶን ፊት አስቀመጡኝ። ካርቶኑ «ታሪክ ተመራማሪ» ይላል። ዕድሜዬን ሙሉ የዘጠነኛ ክፍል መምህር እንጂ ተመራማሪ ሆኜ አላውቅም፤ ይሁንና ካርቶኑን አላረምሁትም። ስብሰባው ሲያልቅ ይዤው ወደ ቤቴ ሄድሁ።

በእብነ በረዱ ላይ የሚቀረጸውን የአደባባዩን ታሪክ እንድጽፍ አዘዙኝ፤ ጻፍሁ። የመጀመሪያው ረቂቄ እውነቱን ይናገር ነበር፤ ረሃቡን፣ ሸራውን፣ መቃብሩን፣ ድንጋዩን። አንብበው ሲጨርሱ መነጽርዎን አውልቀው ያሉኝን ያስታውሱት ይሆን? «ግሩም ነው ጋሼ። ግን እንግዳ ይመጣል፤ ሙሽራ ፎቶ ሊነሣ ይመጣል። ለቅሶ ቤት ባናደርገው?» በሚቀጥለው ረቂቅ «ረሃብ» የሚለው «የተፈጥሮ ፈተና» ሆነ። ከዚያ «ፈተና» መንፈስ ይሰብራል ተባለና «ያለፈው ጊዜ» ተባለ። በመጨረሻ ደግሞ «ምን የነበረበት ጊዜ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ እንዳይኖር እሱም ወጣ። እያንዳንዱን ቃል የሰረዝሁት እኔ ነኝ፤ የተማሪዎቼን ስሕተት ሳርምበት በኖርሁት በቀይ እስክሪብቶ። እርስዎ አንዲት ፊደል እንኳ በእጅዎ አልነኩም፤ ለዚህ ጥንቃቄዎ ያለኝ አድናቆት ወሰን የለውም።

የወጣው ወጥቶ ባዶ የቀረው ቦታ መሞላት ነበረበት። «ከጥንት ጀምሮ ፈረሰኞች የሚፎካከሩበት፣ ሕዝብ በደስታ የሚሰባሰብበት ታላቅ ሜዳ» ብዬ ሞላሁት። በዚያ ሜዳ ላይ ፈረሰኛ አይቻለሁ፤ አልዋሸሁም። አንድ ሰውዬ ነበር፤ ወደ ገበያ እየሄደ ነበር።

፪ኛ. ስለ ሐውልቱ ምርጫ አመሰግናለሁ። በረሃብ የሞቱ ሰዎች ባረፉበት መሬት ላይ ወርቅ የተቀባ ግዙፍ የስንዴ ዛላ ማቆም፣ ከሥሩም ቀለሙን የሚለዋውጥ ፏፏቴ ማፍሰስ፣ ለተራ ሰው ጭንቅላት የሚመጣ ሐሳብ አይደለም። ሥዕሉ በስብሰባው አዳራሽ ግድግዳ ላይ ሲታይ ለአፍታ ዝም ተብሎ ነበር። ዝምታውን ሰብሮ ያጨበጨበው ማን እንደሆነ ቃለ ጉባኤው አይጠቅስም፤ እኔ ነበርሁ። ሁሉም ወደ እኔ ያዩ ስለ ነበር፣ ታሪክ ያውቃል የተባለው ሰው ዝም ካለ ነገሩ እንዳይበላሽ ሠጋሁ። ከጭብጨባው በኋላ እጄን አወጣሁና «ድንጋዩስ?» አልሁ። እርስዎም «በክብር ይነሣል» አሉ። ወዴት እንደሚነሣ አልጠየቅሁም። ምሳ ቀርቦ ነበር።

፫ኛ. ስለ ቆርቆሮው አጥር አመሰግናለሁ፤ ምክንያቱም ነጂባን ወደ ቤቴ ያመጣት እሱ ነው።

ነጂባ የኩታበር ልጅ ናት። በሰባ ሰባት ከእናቷ ከፋኢዛ ጋር ወደ ሸራው ስትመጣ ገና ጥርሷን የምትቀይር ሕፃን ነበረች። እናቷ እዚያው ቀሩ። እሷ ተርፋ ኮምቦልቻ ዘመድ ዘንድ አደገች፤ ፋብሪካ ገብታ ክር ስታጠነጥን ኖራ አሁን ልጆቿን ድራ ብቻዋን ትኖራለች። እናቷ የሞቱት በኅዳር ስለ ሆነ በየዓመቱ ኅዳር ላይ የሐረጎን ዳገት በሚኒባስ ትወጣና ከድንጋዩ ሥር ተቀምጣ ዱዓ አድርጋ ትመለሳለች። እኔን የምታውቀኝ ድንጋዩ ከተተከለ ዕለት ጀምሮ ነው። ባለፈው ኅዳር መጥታ ሜዳው በቆርቆሮ ታጥሮ፣ ድንጋዩም ከቦታው ጠፍቶ ስታገኘው፣ ጠያይቃ ወደ ቤቴ መጣች።

«ጋሼ፣ ድንጋያችንን ወዴት ወሰዱት?» አለችኝ፤ ገና ከበሩ ሳትገባ።

«አታስቢ፤ በመጋዘን ተቀምጧል። ሥራው ሲያልቅ ወደ ቦታው ይመለሳል» አልኋት።

«አይተውታል?»

«አይቼዋለሁ።»

ክቡር ሆይ፣ አላየሁትም ነበር። መጋዘን ስለ መኖሩም አላውቅም። ደጃፌ ላይ ቆማ እንደዚያ ስታየኝ፣ የኮሚቴ አባል ነኝና ምንም አላውቅም ማለት አሳፈረኝ። እሷ ግን ፊቷ ፈታ አለ። «ወላሂ፣ ከሜዳው እስከዚህ ዱዓ እያደረግሁ ነው የመጣሁት። እርስዎ ካሉማ አልቋል» ብላ እጄን ስማ ሄደች። ያን ቀን ምሳ አልበላልኝ አለ። ደውዬ ልጠይቅዎ ስልኬን አነሣሁና መልሼ አስቀመጥሁት። ምርቃቱ ቀርቦ ነበር፤ ሱፍ ልብስ የሚለካልን ልብስ ሰፊም በማግስቱ ይመጣ ነበር።

፬ኛ. ስለ ምርቃቱ በዓል አመሰግናለሁ። ድንኳኑ ሰፊ፣ ወንበሩ ምቹ፣ የማርሽ ባንዱ ጥሩምባ የጠራ ነበር። መጋረጃው ሲገለጥ ስሜ ከታሪኩ ግርጌ ታየ፤ ሰዎች ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። ነጂባ መጥታለች፤ ገመዱ ማዶ ከሕዝቡ ጋር ቆማ ዓይኗ ድንጋዩን ሲፈልግ አየኋት። ፊቴን ወደ መድረኩ አዞርሁ።

ንግግሩ አልቆ ገመዱ ሲላላ ወደ እብነ በረዱ ሄደች። ፊደል አልቆጠረችም፤ አጠገቧ የቆመውን ሰው «ምን ይላል ወንድሜ? አንብብልኝ» ስትለው ይሰማኛል። ሰውዬው ጮክ ብሎ አነበበላት። ስለ ፈረሰኞቹ፣ ስለ ደስታው፣ ስለ ታላቁ ሜዳ፤ ከዚያም ስሜን። «ሌላስ?» አለችው። «ሌላ የለም፤ ይኸው ነው» አላት።

ቀጥታ ወደ እኔ መጣች። አልጮኸችም። ቢጮኹብኝ የምመልሰውን አዘጋጅቼ ነበር።

«ጋሼ፣ እናቴ እዚህ የመጣችው የፈረስ ጉግስ ልታይ ነበር እንዴ?» አለችኝ።

ባንዱ እንደገና ጀመረ። አንዱ አስተናጋጅ መጥቶ የክብር እንግዶች ለቡና ወደ ውስጥ እንድንገባ ሲጋብዘኝ፣ ዞር ስል ነጂባ ሄዳለች።

ከዚህ ወዲያ ያለውን በተራ ቁጥር ለማስቀመጥ ሞክሬ አልሆነልኝም፤ ስለ ቅርጹ ጉድለት ይቅርታዎን እጠይቃለሁ።

በማግስቱ ወደ ቢሮዎ መጣሁ። ጽሑፉ ይታረም ስልዎ በደግነት አስቀምጠው ሻይ አዘዙልኝ፤ እብነ በረድ እንደ ወረቀት እንደማይሰረዝም አስረዱኝ። ስለ ድንጋዩ ስጠይቅዎ «የትኛው ድንጋይ?» አሉ። ያሾፉብኝ መስሎኝ ነበር፤ ፊትዎን ሳየው ግን ከልብዎ ነበር። በእውነት አያስታውሱትም። ክቡር ሆይ፣ ያን ጊዜ በእርስዎ ላይ መቆጣት አቃተኝ። እርስዎ በዚያ ሜዳ ላይ አካፋ ይዘው አልዋሉም። ከኮሚቴው ሁሉ መካከል ከሥሩ ምን እንዳለ በእጁ የሚያውቅ አንድ ሰው ነበር፤ እሱም ከፊተኛው ረድፍ ተቀምጦ ሲያጨበጭብ ነበር።

ከሜዳው ፍርስራሹን ያነሡትን የገልባጭ መኪና ሾፌሮች ፍለጋ ወጣሁ። ከአንዱ ሻይ ቤት ወደ ሌላው ስጠይቅ ቆይቼ፣ አንዱ «እሱ ሁሉ ቁልቁል ኮምቦልቻ ነው የወረደው፤ ቦርከና ዳር ረግረግ ተሞላበት» አለኝ። ኮምቦልቻ ከመውረዴ በፊት ነጂባን መንገር ነበረብኝ። ደወልሁላት። «መጋዘን ያልሁሽ ውሸቴን ነው፤ ልፈልገው እየመጣሁ ነው» አልኋት። «ከመናኸሪያው እጠብቅዎታለሁ» ብላ ዘጋችው።

በዚያች ከተማ ፀሐይ የወንዙን ዳር ይዘን ስንዞር ዋልን። የተደፋው ፍርስራሽ አብዛኛው አፈር ለብሷል፤ በላዩ ላይም ጋራዥ፣ የጎማ ጥገና፣ የመኪና ማጠቢያ ተሠርቷል። ነጂባ ከፊቴ ትሄድ ነበር። አንድ ላቫጆ ዘንድ ስንደርስ ቆመች። ከውሃ ጉድጓዱ አጠገብ ሁለት ሾፌሮች በተጋደመ ረጅም ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጫት ይቀነጥሳሉ። ሌላው የድንጋዩ ጫፍ ላይ አንድ ሠራተኛ የመኪና ምንጣፍ እየደበደበ ያራግፋል። ነጂባ ጎንበስ ብላ ማዕዘኑን ዳሰሰችው፤ ስንተክለው ሰንሰለት የላጠው ቦታ አለ። ከዚያ እዚያው ጭቃው ላይ ተቀመጠች።

ሾፌሮቹ ደንግጠው ተነሡ። የላቫጆው ባለቤት ካሊድ የሚባል ወጣት ነው፤ እጁን እየጠረገ መጣ።

«አባባ፣ ምን ሆነች? አመማት?»

«ይህ ድንጋይ የመቃብር ድንጋይ ነው» አልሁት።

«ከፍርስራሽ ጋር ነው የመጣው፤ ወላሂ አልሰረቅሁትም!»

«አውቃለሁ። አንተ አይደለህም፤ እኔ ነኝ።»

ግራ ተጋብቶ አየኝ። የሆነውን ሁሉ ነገርሁት፤ ስለ እብነ በረዱም ሳይቀር። ካሊድ ራሱን እያከከ ሰማኝና «መውሰዱንስ ውሰዱት፤ ግን ደንበኞቼ ምን ላይ ይቀመጡ? እንዲህ ያለ ከየት አመጣለሁ?» አለ። ነጂባ ተነሥታ የውሃውን ጎማ ከሠራተኛው እጅ ወሰደች፤ ሳሙናና ብሩሽ ለመነች፤ ቅባቱንና ጭቃውን ከድንጋዩ ላይ ማጠብ ጀመረች። እንደ ሰው ገላ ነበር የምታጥበው። ከራስጌ ጀምራ፣ ጎኑን፣ ከዚያ ግርጌውን። እኔም ኮቴን አውልቄ ልረዳት ስጠጋ «እርስዎ ቆዩ» አለችኝ። ቆየሁ። ያቺ ቃል ከጉግሱ ጥያቄ ይልቅ ዘልቃ ገባችኝ።

ካሊድ ጥቂት አያት፤ ከዚያ ስልኩን አወጣ። «አሚር፣ አይሱዙህ ባዶ ነው? ደሴ የምትወስድልኝ ነገር አለ» ሲል ሰማሁት። ደንበኞቹ ምን ላይ እንደሚቀመጡ ያን ቀን ደግሞ አላነሣውም።

ነጂባ ለኩታበር ሰዎች ደወለች፤ እነሱም ለደሴ ዙሪያዎቹ። ለቅዳሜ ተቃጠርን። እኔ ማመልከቻ ጽፌ ፈቃድ እንጠይቅ ብዬ ነበር፤ ነጂባ «ሲያነሡት ማንን ጠየቁ?» ብላ ዘጋችኝ። ቅዳሜ ጠዋት ድንጋዩን ጭነን ከኮምቦልቻ ስንወጣ ሦስታችን፣ እኔ፣ እሷና ሾፌሩ አሚር፣ ከፊት ተቀመጥን። ሐረጎን ስንጀምር መኪናው ከክብደቱ የተነሣ እያቃሰተ ይታጠፍ ነበር። ከዚያ በላይ መታገሥ አልቻልሁም።

«ነጂባ፣ አፉ በይኝ» አልሁ።

ወደ ገደሉ እያየች ሁለት ሦስት መታጠፊያ አለፍን።

«ጋሼ፣» አለች በኋላ፣ «እናቴን የቀበራት ሰው ማን እንደ ሆነ አላውቅም። ልጅ ነበርሁ፤ መልኩ ጠፍቶኛል። የማስታውሰው እጁን ነው። አፈሩን በአካፋ አልደፋባትም። ተንበርክኮ በእጁ እየዘገነ፣ ቀስ አድርጎ፣ እንዳያማት የፈራ ይመስል አለበሳት። በሰገድሁ ቁጥር ለዚያ ሰው ዱዓ አደርጋለሁ። ከዚያ ሜዳ ከነበሩት አስተማሪዎች አንዱ ነው ይሉኛል። እርስዎ ይሆናሉ ብዬ ብዙ ዓመት አስቤአለሁ። አሁን ግን እርስዎ ባይሆኑ ደስ ይለኛል።»

አሚር ማርሽ ቀየረ። ደሴ ገባን።

ክቡር ሆይ፣ እኔ ልሁን አልሁን አላውቅም። ብዙ ሰው ቀብረናል፤ ከዕለታት በኋላ ፊት ከፊት መለየት አቅቶኝ ነበር። በዚህ ዕድሜዬ ስለ ራሴ እንዲያ ያለ ነገር እውነት ቢሆን ምንኛ በወደድሁ። ግን እሷ እኔ እንዳልሆን ስለ ተመኘች እኔም መመኘቱን ትቻለሁ።

አደባባይዎ ስንደርስ ሰዉ ተሰብስቦ ይጠብቀን ነበር። የጥበቃ ሠራተኛዎ ሥራውን በሚገባ ማከናወኑን ልመሰክርለት እወዳለሁ። እጁን ዘርግቶ አቁሞን «ፈቃድ አላችሁ?» አለ። ነጂባ «ወንድሜ፣ እናቴ ከዚያ አበባ ሥር ናት» አለችው። ፈቃድ እንዳልሆነ ነግሮን ወደ እርስዎ ደወለ። አላነሡም። እንደገና ደወለ። ጸሐፊዎ አንሥታ፣ ክቡርነትዎ «የማኅበረሰብ ተሳትፎ በአደባባይ ልማት» በሚል ርእስ ስብሰባ ላይ ስለሆኑ እንዳይረበሹ ነገረችው። እሱም ትእዛዝ እስኪመጣ እንድንጠብቅ ነግሮን፣ እየደጋገመ ሊሞክር ስልኩን ይዞ ወደ ጎጆው ገባ። እኛም ቆመን ከምንጠብቅ እየቆፈርን ጠበቅን። ስብሰባዎን ስላላሳጠሩት ከልብ የመነጨ ምስጋናዬን አቀርባለሁ፤ ሲጨርሱ ድንጋዩ ቆሞ ነበር።

አንድ ሼህ መጥተው ፋቲሐ ቀሩ፤ አንድ ካህን መጥተው ፍትሐት አደረሱ። ከዚያ ማንም ሳያዛት ነጂባ ወደ ድንጋዩ ቀርባ «ፋኢዛ» አለች፤ የእናቷን ስም፣ ደጅ ላይ ቆሞ ሰው እንደሚጠራ። ከኋላዋ አንድ ሽማግሌ «ወንድሜ ጁነይድ» አለ። ሌላዋ ሴት የሁለት ልጆቿን ስም ጠራች። ሰዉ ሁሉ ሙታኑን መጥራት ጀመረ። ፎቶ ሊነሡ የመጡ ሙሽሮች ነበሩ፤ ሙሽራዪቱ ቀሚሷን ሰብስባ ከዳር ቆመች፤ እሷም ቆይታ የአንድ ሰው ስም ጠራች፤ የአያቷ መሰለኝ። እኔ የምጠራው ስም አልነበረኝም። የቀበርኋቸውን ሰዎች ስማቸውን ጠይቄ አላውቅም ነበር።

እንግዲህ ስለ «ባዕድ አካሉ» የማውቀው ይህ ነው። እንዲነሣ በማስጠንቀቂያው የሰጡትን ቀነ ገደብ አንብቤአለሁ፤ አላነሣውም። ሊያስነሡት ከመጡ ነጂባና የኩታበር ሰዎች ተራ ገብተው ከሥሩ ስለሚቀመጡ፣ እኔም የማክሰኞና የሐሙስ ተረኛ ስለሆንሁ፣ ሠራተኞችዎ ባዶ ቦታ እናገኛለን ብለው መጥተው እንዳይደናገጡ አስቀድሜ አሳውቃለሁ። እስከ ዛሬ አጠገቡ ስቀመጥ ነጂባ ሰላምታ ትሰጠኛለች፤ ከዚያ አታልፍም። ከዚያ እንድታልፍ አልጠይቃትም።

ከክቡርነትዎ የምለምነው አንድ ነገር ነው። እብነ በረዱ ስለማይሰረዝ ይነቀል። አዲስ የሚቀመጥ ካለ የጻፍሁት እነሆ፤ ቀይ እስክሪብቶ አልነካውም፦ «በሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት በረሃብ የሞቱ ሰዎች እዚህ ተቀብረዋል። ስማቸውን የሚያውቅ ይጥራቸው።» ከግርጌው የማንም ስም አይጻፍበት፤ የእኔም፣ የእርስዎም።

የከበረ ጊዜዎን በድንጋይ ነገር ስላባከንሁብዎ እጅ እየነሣሁ፣ ፏፏቴዎ ሳይደርቅ፣ የስንዴው ወርቅ ሳይላጥ፣ ስብሰባዎም ሳይቋረጥ ዘመንዎ እንዲያልቅ የምመኝልዎ፣

የቀድሞው የታሪክ አማካሪዎ፣
ኃይለ ሚካኤል ደጉ
ከድንጋዩ ሥር፣ ደሴ

ማስታወሻ፦ በኮምቦልቻ ለሚሠራው ሁለተኛ አደባባይ የታሪክ አማካሪ እንድሆን የላኩልኝ ግብዣ፣ ከማስጠንቀቂያው ጋር በአንድ ፖስታ ታሽጎ ደርሶኛል። ስለ መተማመንዎ አመሰግናለሁ። መልሴን ከመስጠቴ በፊት ግን ከሥሩ የተቀበረው ማን እንደሆነ ቢያሳውቁኝ፤ ምን መሰረዝ እንዳለብኝ አስቀድሜ እንዳውቀው ነው።